የጎርና ቪርባ ሚኒባስና የማዘጋጃ ቤቱ መድረክ

ጎርና ቪርባ፣ ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2017

ለአጎቴ ልጅ የልጅ ልጅ፣ ለካሎያን
ብሬመን

በሰው አገር ክረምት እግርህ ደረቅ፣ ምድጃህ ሙቅ፣ እንቅልፍህ የሰላም ይሁንልህ። እኔና እኅቴ ስታና በእግዚአብሔር ቸርነት አለን። በረዶው የአጥሩን ወገብ አልፏል፤ ሚኒባሱ ግን አንድም ቀን አልቀረም።

የምጽፍልህም ስለዚሁ ሚኒባስ ነው። ባለፈው መከር የሠራህልን መተግበሪያ በሚገባ እያገለገለን ነው። የሦስቱ መንደሮች ሕመምተኞች መቀመጫቸውን ከስልካቸው ያስይዛሉ፤ የሆስፒታሉ ነርስ ሰዓት ሲቀየር እዚያው ላይ ታስተካክላለች፤ ሹፌራችን ጌንቾ ጠዋት ተነሥቶ የስምሪት ወረቀቱን ያትምና ይወጣል። ስታናም ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ለኩላሊት እጥበት ካሜንግራድ ሆስፒታል በሰዓቷ ትደርሳለች። ይህን ማንም አይክድህም። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ያሉት ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አራት ነጥብ የሌላቸው መሆኑንም ማንም አይክድህም።

አሁን አንድ መልካም ዜና አለ። ማዘጋጃ ቤታችን ሠራተኞቹ ሰነድ የሚለዋወጡበት፣ ማስታወቂያ የሚያወጡበት፣ ፈቃድ የሚጠይቁበትና የሚሰጡበት አንድ ትልቅ ድረ ገጽ ገዝቶ ተክሏል። ሁሉም ሰው «መድረኩ» ይለዋል። ከንቲባዋ እኔን፣ የጡረተኞች ማኅበር ሊቀ መንበር እንደ መሆኔ፣ ቢሯቸው ጠርተው መተግበሪያህን ከዚያ መድረክ ሥር ሊያስገቡት እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። የማዘጋጃ ቤቱ ዓርማ ከአናቱ ይወጣል፤ የነዳጁንና የሹፌሩን ወጪ ማዘጋጃ ቤቱ በይፋ ይረከባል። እስከ ዛሬ አንተ በግልህ ተከራይተህ ባስቀመጥክበት ቦታ መኖሩ ለእንዲህ ያለ ቁም ነገር አይመጥንም።

የስምምነቱን ረቂቅ እንዳዘጋጅ አደራ ተሰጥቶኛል። ሲያልቅ ይደርስሃል። የቤተ መጻሕፍታችን ሠራተኛ ዝላትካ ደብዳቤዎቼን በኢሜይል ትልክልኛለች፤ ስለዚህ መልስህ በፖስታ ምክንያት የሚዘገይበት ሰበብ የለም። በስልክ አትደውልልኝ፤ ጆሮዬ ደክሟል፤ በስልክ የተነገረ ነገር ደግሞ አይታረምም።

አጎትህ
ቬልኮ ራዶይኮቭ
ጡረተኛ የቋንቋ መምህር

---

ብሬመን፣ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2017

ውድ አጎቴ ቬልኮ፤

ከሩቅ ሆኜ እጅ እነሣለሁ። ዕድሜዎንና ቁጣዎን ያቆይልኝ፤ የአክስቴን የስታናንም እጅ ስለ እኔ ይሳሙልኝ። አራት ነጥቦቹን አስገብቻለሁ።

መተግበሪያው ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሰርቨር መምጣቱን አልቃወምም። ከመድረኩ ጋር በአንድ ማሽን ላይ ቢኖርም ክፋት የለውም፤ በብዙ መሥሪያ ቤት እንዲሁ ይደረጋል፤ እኔም እዚህ የምተዳደርበት ሥራ ይኸው ነው። የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመድረኩ ጎረቤት ይሁን እንጂ ጓዳ ተከራይ አይሁን። የራሱ አድራሻ፣ ለብቻው የሚያስነሣው የራሱ ማስኬጃ፣ የራሱ ቅንብር ይኑረው ማለቴ ነው። ከመድረኩ አድራሻ ሥር ከገባ ለመድረኩ ተብሎ ከላይ የሚወጣው ደንብ ሁሉ ወደ እሱም ይወርዳል። መድረኩ ሲታደስ ይታመማል፤ መድረኩ ሲቆም ይቆማል።

ልጅ ሆኜ ያደግኩበትን ፎቅ ያስታውሱታል? ከላያችን የነበሩት ሰውዬ የጋራውን የማሞቂያ ቱቦ ባሻቸው ቀን ይዘጉት ነበር። እናቴ በራቸውን ስታንኳኳ «እኔ አልበረደኝም» ይሏት ነበር። እሳቸው የእንጨት ምድጃ ነበራቸው። ነገሩ ይኸው ነው።

ሥራው የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ማሽኑም ያው ነው፤ ማንንም ምንም አያስወጣም። የኮምፒውተር ክፍሉ ሰው ከፈለገ ደረጃ በደረጃ እጽፍለታለሁ።

አክስቴ እንዴት ናት? ምግቧን ትጠነቀቃለች? ለኩላሊቷ ሲባል ቲማቲም እንደ ተከለከለች ነግራኝ በጣም ሥቄ ነበር፤ የራሷን አትክልት ቦታ በአጥር ውጭ ሆና እንደምታይ ሌባ ሆንኩ ብላኝ ነበር።

ካሎያን

---

ጎርና ቪርባ፣ ማርች 13 ቀን 2017

ለካሎያን፤

የጾሙን ወራት በጤና ያስፈጽምህ፤ በጠረጴዛህም ላይ በረከት አይጥፋ።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «በአጥር ውጭ ሆና እንደምታይ ሌባ» የሚለው ሐረግ ባለቤቱና ግሡ አልተገናኙም፤ ለሌላ ጊዜ አስተካክለህ ጻፍ።

የጠየቅኸውን ለኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ለኢንጂነር ፕላመን አቀረብኩ። ሰውየው ጨዋ ነው፤ እኔው ያስተማርኩት ነው። እንዲህ አለኝ፦

«መምህር፣ አንድ ጣሪያ፣ አንድ በር፣ አንድ ቁልፍ። ለጥቂት ሕመምተኞች ብዬ ሌላ በር ስከፍት ነገ የአደን ማኅበሩም የራሴን በር ይላል።»

ከንቲባዋ ዘንድም ገባሁ። ለብቻው ከቆመ የማዘጋጃ ቤቱ መሆኑን ማን ያውቃል አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አንድ ነገር በተገቢው ርእስ ሥር፣ በተገቢው ቦታ ካልዋለ ባለቤት አልባ ነገር ይመስላል። አርባ ዓመት ያስተማርኩትም ይህንኑ ነው።

ስምምነቱን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። አንቀጽ ሰባትን በተለይ አንብብልኝ፦ «መተግበሪያው ከማዘጋጃ ቤቱ መድረክ ሥር የሚኖር ሲሆን፣ ምክር ቤቱ በጽሑፍ ካልፈቀደ በቀር ከዚያ ውጭ በማናቸውም አድራሻ ሊቀመጥ፣ ሊከፈት ወይም ሊያገለግል አይችልም።» ከንቲባዋ ይህን ሲሰሙ «አንዲት ቃል እንዳትነካ» ብለው ለሕግ ክፍሉ አዘዙ። ሌላው ቀርቶ የሕግ ክፍሉ ጸሓፊ ለራሷ አንድ ቅጂ ወስዳለች።

ስታና ደህና ናት። ፈርምና ላክ።

አጎትህ ቬልኮ

---

ብሬመን፣ አፕሪል 19 ቀን 2017

ውድ አጎቴ፤

እንኳን ለትንሣኤው አደረሰዎት። ቤትዎ በቀይ ዕንቁላልና በዘመድ ይሙላ።

ፈርሜ ልኬዋለሁ። መተግበሪያውንም እንደ ታዘዝኩት ከመድረኩ ሥር አስገብቼዋለሁ። የዘገየሁት ስላልተስማማሁ ነው፤ ሌላ ምክንያት ፈጥሬ ልዋሽዎት አልፈልግም።

አንድ ነገር አደራ። መድረኩ በየወሩ በሁለተኛው ማክሰኞ ማሻሻያ ይጫንበታል። ከዚያ በኋላ ፕላመን የሚኒባሱን ገጽ ይሞክረው፤ ከቢሮው ኮምፒውተር ሳይሆን ከአንድ የመንደር ሰው ስልክ። ከቢሮው ሁልጊዜ ደህና መስሎ ይታያል። የድሮውንም የስምሪት ጥራዝ አትጣሉት፤ ክፉ ቀን በእጅ ተጽፎ ጌንቾ ይወጣበታል።

ካሎያን

---

ጎርና ቪርባ፣ ሜይ 11 ቀን 2017

ለካሎያን፤

ሰላምታዬ ይድረስህ። ጤና ይስጥህ፤ ለእኔም ትዕግሥት ይስጠኝ።

ምረቃው በቅዱስ ጊዮርጊስ ዋዜማ ተከናወነ። እንደ ወጉ ዳቦና ጨው ቀረበ፤ ሪባን ተቆረጠ፤ ምክትል ከንቲባው ንግግር አደረጉ፤ ንግግራቸውን እኔ አርሜላቸው ነበርና ጥሩ ነበር። ከንቲባዋ የድሮውን የስምሪት ጥራዝ ከጌንቾ እጅ ተቀብለው «ከዛሬ ጀምሮ ወረቀት በቃን» አሉ። ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ጥራዙ በከንቲባዋ ካዝና ውስጥ ተቆለፈበት።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት፣ ማሻሻያው በተጫነ ማግስት፣ ረቡዕ ጠዋት ጌንቾ ገጹን ቢከፍት «ያልታወቀ ስህተት ተከሥቷል» የሚል አንድ መስመር ብቻ ሆኖ አገኘው። ለማን ነው ያልታወቀው? ስህተቱን የሠራው ካላወቀው ማን ሊያውቀው ነው? እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ጽፎ ለሕዝብ ማቅረብ ራሱ ስህተት ነው።

ሕመምተኞቹ ከቤተ መጻሕፍቱ ፊት ቆመዋል። ጌንቾ ሞተሩን ሳያስነሣ መሪው ላይ ክንዱን ጥሎ ተቀምጧል። ጠጋ ብዬ ተነሣ እንጂ አልኩት።

«በምን ወረቀት፣ መምህር?»

«ሰዎቹን እያየሃቸው አይደለም?»

«እነሱን አያለሁ። የመንገድ ተቆጣጣሪው የሚያየው ግን ወረቀት ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ሹፌር ባዶ እጁን ወጥቶ ተይዞ ይኸው ዛሬ ሲሚንቶ ይሸከማል። ወረቀት ስጡኝ፣ እስከ ጥቁር ባሕር እነዳላችኋለሁ።»

ስታና ከኋላ ሆና «ተወው ቬልኮ፣ ገጹ ያልታወቀ ስህተት ሠራ፤ እሱ ደግሞ ከነስሙ የሚታወቅ ስህተት መሥራት አልፈለገም» አለች። ሰው ሣቀ። እኔ አልሣቅኩም።

ወደ ፕላመን ሄድኩ። በቡና ብርጭቆው ላይ ሳይቀር የመድረኩ ምልክት አለ። የሚኒባሱ ገጽ አይከፈትም አልኩት።

«መድረኩ ይሠራል፣ መምህር።»

«ስለ መድረኩ አልጠየቅኩህም። ስለ ሚኒባሱ ነው የጠየቅኩህ።»

«ሚኒባሱ መድረኩ ውስጥ ነው። መድረኩ ደግሞ ይሠራል።»

ኮምፒውተሩን አዞረልኝ። እውነትም ይሠራል። የምክትል ከንቲባው ፎቶግራፍ ከዳቦውና ከጨው ጋር ወጥቷል።

ይህ ነገር በአስቸኳይ ይስተካከል። ስታና ደህና ናት።

አጎትህ ቬልኮ

---

ብሬመን፣ ሜይ 11 ቀን 2017

ውድ አጎቴ፤

ጤናዎን ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ በደረሰኝ ሰዓት ፕላመንን በስልክ አገኘሁት። ማሻሻያው ለመድረኩ አዲስ የደኅንነት ደንብ አውጥቷል፤ ደንቡ ከሥሩ ወዳለው ወደ እኛ መተግበሪያ ወረደ፤ መተግበሪያውም አላውቀውም ብሎ ቆመ። «ይህኛውን ገጽ አይመለከትም» የሚል መስመር እንዲያስገባ ነገርኩት፤ እኔ እያነበብኩለት በእጁ ጻፈ፤ ገጹም ተከፈተ። ዓርብ ጠዋት ጌንቾ ወረቀቱን ያትማል።

ግን እንዳይሳሳቱ። በእጅ የተጻፈው መስመር የመድረኩ ፋይል ውስጥ ነው ያለው። የሚቀጥለው ማሻሻያ ፋይሉን በአዲስ ይተካዋል፤ መስመሩም አብሮ ይጠፋል። ይህን ለፕላመንም ነግሬዋለሁ። «እንግዲህ በየወሩ እንጽፋታለና» አለኝ። አጎቴ፣ በየወሩ ማስታወስ ያለበት ሰው አንድ ወር መርሳቱ አይቀርም። ጎረቤት ይሁን ያልኩት ለዚህ ነበር።

ሌላው ነገር፤ ያን ረቡዕ አክስቴ እንዴት ደረሰች? ስለ ፕላመን ብርጭቆ ጽፈውልኛል፤ ስለ እሷ ግን ሁለት ቃል ብቻ።

ካሎያን

---

ጎርና ቪርባ፣ ጁን 21 ቀን 2017

ለካሎያን፤

ሰላም ለአንተ ይሁን። ሥራህ ይቃናልህ፤ የእኛ እንደሆነ አልቃናም።

ያልከው ሆነ። በዚህ ወር ማሻሻያው ሲጫን ፕላመን የእኅቱ ልጅ የምረቃ ግብዣ ላይ ነበር፤ መስመሯን አልጻፋትም። ረቡዕ ጠዋት ያው «ያልታወቀ ስህተት»፤ ያው ጌንቾ፤ ያው መሪ። ሕመምተኞቹን እንደ ባለፈው የዳቦ ማከፋፈያ መኪና ተማጽነን ከኋላ ጫንናቸው፤ ዘግይተው ስለ ደረሱ ሁሉም ግማሽ እጥበት ብቻ አግኝተው ተመለሱ፤ ፕላመን መስመሯን የጻፋት በማግስቱ ነው።

በዚያው ቀን በጽሑፍ አቤቱታ ይዤ ማዘጋጃ ቤት ቀረብኩ። ሁለት ገጽ ነው፤ አንድም የተሰረዘ ቃል የለበትም። በመስኮቱ ያለችው ልጅ ወረቀት አንቀበልም፣ አቤቱታ የሚገባው በመድረኩ ላይ ነው አለችኝ። እኔ ወደ መድረኩ መግቢያ የለኝም፤ የሠራተኛ ብቻ ነው። ዝላትካ በራሷ ስም አስገባችልኝ። «በመታየት ላይ» ይላል። የሚያየው የመምሪያው ኃላፊ ነው፤ እሱ ደግሞ ባሕር ዳርቻ ዕረፍት ላይ ነው። በየቀኑ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ እጠይቃታለሁ፤ በየቀኑ በመታየት ላይ ነው። የሚያየው በሌለበት እንዴት በመታየት ላይ ይሆናል?

ተመልሼ ፕላመን ዘንድ ገባሁ። ካሎያን በመጀመሪያ እንዳለው የራሱን አድራሻ ስጠው፣ እዚያው ማሽን ላይ ለብቻው ይቁም አልኩት። መሳቢያውን ከፍቶ ስምምነቱን አወጣና አንቀጽ ሰባትን ጮክ ብሎ አነበበልኝ።

«ከመድረኩ ሥር ይኖራል ነው የሚለው፣ መምህር። ለብቻው ላቆመው ብፈልግም አልችልም፤ ምክር ቤቱ ይፍቀድ። ምክር ቤቱ ደግሞ እስከ ሴፕቴምበር አይሰበሰብም።» ከዚያ ወረቀቱን እያጠፈ «በጣም ጥሩ ነው የተጻፈው፤ መውጫ የለውም» አለኝ። ሊያሾፍብኝ አልነበረም። ከልቡ ነው ያደነቀው። የበለጠ ያናደደኝም ይኸው ነው።

ስታና ደህና ናት። የአትክልት ቦታውን ትኮተኩታለች።

አጎትህ ቬልኮ

---

ብሬመን፣ ጁላይ 15 ቀን 2017

አጎቴ ቬልኮ፤

ሰላምታዬን ነፍጌዎት አይደለም፤ ግን ዛሬ ረጅም ሰላምታ የምጽፍበት ልብ የለኝም።

ትናንት ጌንቾ ደወለልኝ። ጌንቾ ለእኔ መደወል ምኑ ነው ብዬ ነበር ያነሣሁት። የነገረኝ ይህ ነው። ረቡዕ፣ ከወሩ ማሻሻያ በኋላ፣ ገጹ እንደገና አልተከፈተም። ዳቦ አከፋፋዩ መኪናው ተበላሽቶበት ነበር። ሌሎቹን ዘመዶቻቸው ወሰዷቸው። አክስቴ ስታና ግን «ዓርብ ሁለቱን አንድ ላይ ይታጠብልኛል» ብላ ቀልዳ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አትክልቱ ቦታ ውስጥ ወደቀች። ደሟ ውስጥ የተጠራቀመው ፖታሲየም የሚሉት ጨው ልቧን ሊያቆመው ነበር፤ አምቡላንስ ወሰዳት፤ ተርፋለች፤ አሁንም ሆስፒታል ናት። ይህን ሁሉ የሰማሁት ከሹፌር ነው።

እርስዎ «ደህና ናት» እያሉ ይጽፉልኛል። ከአራት ነጥቡ ጋር።

ያቺ ሴት ለእኔ ምን እንደሆነች ያውቃሉ። በየክረምቱ ዕረፍት እናቴ ፋብሪካ ስትውል ያበላችኝ እሷ ናት። መተግበሪያውን የሠራሁት ለጎርና ቪርባ አይደለም፤ ለማዘጋጃ ቤቱም አይደለም፤ ለእሷ ነው።

አሁን የምለው ይህ ነው። መተግበሪያውን በአንድ ሰዓት ውስጥ አውጥቼ ወደ ነበረበት ልመልሰው እችላለሁ። የጎደለኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ከፕላመን ማሽን የተያዙት መቀመጫዎች ቅጂ ነው። ሁለተኛው እርስዎ ነዎት። ከማዘጋጃ ቤቱ ውጭ የሚታተም የስምሪት ወረቀት ኃላፊ ነኝ ብሎ የሚፈርምበት ሰው ከሌለ ጌንቾ አይወጣም፤ አልፈርድበትምም። ሚኒባሱ የማኅበሩ ንብረት ነው፤ ሊፈርም የሚችለው የማኅበሩ ሊቀ መንበር ብቻ ነው። ከፈረሙ ግን አንቀጽ ሰባትን የጣሱት እርስዎ ይሆናሉ፤ በየቀኑ፣ በስምዎ፣ በፊርማዎ። ማዘጋጃ ቤቱ ሊከስዎት ይችላል። ከሊቀ መንበርነትም ሊያስነሡዎት ይችላሉ።

እኔ የፈረምኩበትን ለመጣስ ዝግጁ ነኝ። እርስዎ የጻፉትን ለመጣስ ግን እርስዎን ሳልጠይቅ አልነሣም። መልስዎን እጠብቃለሁ።

ካሎያን

---

ካሜንግራድ፣ ከሆስፒታሉ፣ ጁላይ 17 ቀን 2017

ለካሎያን፤

እግዚአብሔር ቀንህን ብሩህ ያድርግልህ።

ስለ ስታና የጠየቅኸኝን አሁን እመልሳለሁ። ሐሙስ የወደቀችው ከቲማቲሙ መካከል ነው፤ አልበላችም፤ እየለቀመች ነበር። ያገኘኋት እኔ ነኝ። ከንፈሯ ሰማያዊ ነበር፤ ስጠራት በስሜ ሳይሆን በአባታችን ስም መለሰችልኝ። ዓርብና ቅዳሜ አጠቧት። ዛሬ ተቀምጣ እርጎ በልታለች። ሐኪሙ፣ ወጣት ሰው ነው፣ ወደ ኮሪደር አውጥቶኝ አንድ እጥበት ደግሞ ከዘለለች እኔን እንዳትጠሩኝ፣ ቄስ ጥሩ አለኝ። ለምን እንደ ቀረች ሲጠይቀኝ ስለ መድረኩ ማስረዳት ጀመርኩ። አቋርጦኝ «የምን መድረክ?» አለ።

ደብዳቤህን በአልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ አነበብኩላት። ዝላትካ አትማ ሰጥታኝ ነበር። ስለ እሷ ያልከው ቦታ ስደርስ እሷው ተቀብላኝ ጨረሰችው። ከዚያ መነጽሯን አወለቀች።

«ቬልኮ፣ ዓርማው ያምራል፤ አልዋሽም። ግን እኔ የምሳፈረው ዓርማውን አይደለም።»

ስምምነቱን የጻፍኩት እኔ መሆኔን ነገርኳት፤ ጽሑፉ መውጫ እንደሌለውም ነገርኳት።

«እሱንማ ማን ያጣዋል፣» አለችኝ፤ «አንተ የዘጋኸው በር መቼ ተከፍቶ ያውቃል። እንግዲህ ስበረው።»

አውጣው። ዛሬውኑ አውጣው። የምፈርመው እኔ ነኝ፤ በሙሉ ስሜ፣ ከነማዕረጌ። ማኅተሙም ኪሴ ውስጥ ነው።

ቬልኮ

---

ብሬመን፣ ጁላይ 18 ቀን 2017

ውድ አጎቴ፤

ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ለአክስቴም ብርታቱን ይስጣት።

ወጥቷል። ከትናንት ማታ ጀምሮ በራሱ አድራሻ ላይ ለብቻው ቆሟል። ዓርማ የለውም፤ ሥዕልም የለውም፤ ነጭ ገጽና ትልልቅ ፊደል ብቻ ነው። ጌንቾ ሞክሮት የነገውን ወረቀት አትሟል፤ የጎደለው ፊርማዎ ነው። ነርሷም አዲሱን አድራሻ ተቀብላለች። ዝላትካ ለየቤቱ ስልክ እየደወለች ነው።

የመቀመጫዎቹን ቅጂ እንዴት አገኘህ ብለው እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ። ፕላመን ራሱ ላከልኝ። አንድ መስመር ብቻ ጽፎበታል፦ «እኔ ምንም አላየሁም፤ መድረኩ ይሠራል።» ለመጀመሪያ ጊዜ ይህን ቃል ሰምቼ ደስ አለኝ።

አሁን አንድ ነገር ቃል ይግቡልኝ። ከእንግዲህ ስለ አክስቴ ሲጽፉልኝ እንዳለው አድርገው ይጻፉልኝ። ክፉም ቢሆን።

ካሎያን

---

ጎርና ቪርባ፣ ኦገስት 10 ቀን 2017

ለካሎያን፤

ጤናህ የተሟላ፣ እጅህ ለመልካም ሥራ የቀና ይሁን።

በታዘዝኩት መሠረት ስለ ስታና በዝርዝር እጽፋለሁ። ከሆስፒታል ወጥታለች። ክብደቷ ቀንሷል፤ የግራ እግሯ ያብጣል፤ ትንፋሿ ደረጃ ላይ ያጥራታል። ሐኪሙ የልቧን መድኃኒት ለውጦላታል። አፏ ግን እንደ ቀድሞው ነው። ከወደቀችበት ቀን ወዲህ አንድም እጥበት አልቀረባትም።

በዚህ ሳምንት መድረኩ ላይ ማሻሻያ ተጭኖ ነበር። ትናንት ረቡዕ ጠዋት፣ ከሌላው ቀን ቀድሜ ከቤተ መጻሕፍቱ ፊት ቆሜ ጠበቅኩ። የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኞች መድረኩ ስለ ቆመባቸው ደረጃው ላይ ወጥተው ሲጋራ ያጨሳሉ። ጌንቾ ወረቀቱን አትሞ አመጣልኝ፤ ኮፈኑ ላይ አስደግፌ ፈረምኩ፤ ማኅተሙን መታሁ፤ ሄዱ። ሌላ የምጽፈው ነገር የለም። አንድ ሚኒባስ በሰዓቱ ከመነሣቱ በቀር የሆነ ነገር የለም።

ከሰዓት በኋላ ግን ከማዘጋጃ ቤቱ የሕግ ክፍል መጥሪያ ደረሰኝ። ከአንቀጽ ሰባት ጋር በሚቃረን ሁኔታ መተግበሪያው ካልተፈቀደ አድራሻ እያገለገለ ስለ መሆኑ፣ የስምሪት ወረቀቶቹንም ያለ ሥልጣን ስለ መፈረሜ፣ ሰኞ በሦስት ሰዓት ካሜንግራድ በሚገኘው ቢሯቸው ቀርቤ መልስ እንድሰጥ ይጠይቃል። ጽሑፉ አራት ስህተት አለበት፤ አላረምኩትም።

የምለውን አዘጋጅቻለሁ። እዚያው ማሽን ላይ፣ ከመድረኩ ጎን፣ የራሱን አድራሻና የራሱን ማስኬጃ ይስጡት፤ በዚያኑ ሰዓት እመልሰዋለሁ፤ ዓርማቸውንም ከፈለጉ ይለጥፉበት። አይሆንም ካሉ ማኅተሙን ከእኔ ወስደው ለሌላ ሊቀ መንበር ይስጡ፤ ያ ሰው በማግስቱ ከጌንቾ ፊት ቆሞ ስታናን አትሄጂም ይበላት። አንዳቸውም ይህን ለማለት የሚደፍሩ አይመስለኝም፤ ግን ቢደፍሩም ዝግጁ ነኝ።

ሰኞ የእጥበት ቀን ስለ ሆነ ወደ ሕግ ክፍሉ የምሄደው በሚኒባሱ ነው። መቀመጫዬን ዛሬ ጠዋት ባልተፈቀደው አድራሻ አስይዣለሁ፤ የስምሪት ወረቀቱንም እኔው እፈርማለሁ። በመስኮቱ በኩል ለመቀመጥ ፈልጌ ነበር። ስታና አልለቅም አለች።

አጎትህ
ቬልኮ ራዶይኮቭ
የጎርና ቪርባ ጡረተኞች ማኅበር ሊቀ መንበር፣ እስከ ሰኞ ድረስ